የሟች መታሰቢያ ዕቃ የትና ከማን ዘንድ እንደሚኖር

ሰው ሲሞት የለቅሶው፣ የሣልስቱ፣ የአርባውና የሙት ዓመቱ ሥርዓት አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ቤተ ዘመድ በእነዚህ ቀናት ምን ማድረግ እንዳለበት ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው ለቀስተኛው ከተበተነና ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ የሟቹን ዕቃ ለመለየት ሲቀመጥ ነው። ልብሱ እንደ ልማዱ ለነዳያን ይሰጣል፣ ሰነዱም ለውርስ ጉዳይ ይቀመጣል፤ መቋሚያው፣ መነጽሩ፣ የጸሎት መጽሐፉ ወይም በወጣትነቱ የተነሣው ፎቶግራፍ ግን ከሁለቱም ወገን ሳይሆን በሣጥን ውስጥ ይቀራል። «ይህን አባታችን በሚወደው ቦታ ብናኖረውስ?» የሚለው ሐሳብ በብዙ ቤት የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ዕቃው የሟቹ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ በስሙ የሚሰጥ አዲስ ነገር፣ የሚተከል ዛፍ ወይም የሚቀረጽ ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ለሁሉም ይሠራል።

አስቀድሞ ጠባቂ መፈለግ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ቦታ በመምረጥ ነው። በእኔ እምነት ግን ከቦታው በፊት መታወቅ ያለበት ዕቃውን ማን እንደሚጠብቀው ነው፤ ምክንያቱም ባለቤት የሌለው መታሰቢያ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ጥቂት ቆይቶ ቆሻሻ ይሆናል፣ ጽዳት ሠራተኛ ያነሣዋል፣ ወይም ሌባ ይወስደዋል። በኮንሶ ጀግና የነበረ ሰው ሲሞት ዋካ የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ምስል ይቆምለት ነበር፤ ከጎኑም የሚስቶቹ፣ እንዲሁም የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ምስል ይደረደራል። እንዲህ ያለ ክብር ያለው መታሰቢያ እንኳ በሜዳ ላይ ያለ ጠባቂ በመቆሙ፣ ብዙዎቹ ዋካዎች ተሰርቀው ለጎብኚዎችና ለቅርስ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ከዘረፋ የዳኑት ጥቂቶች ዛሬ በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ይታያሉ። በፓሪስ ደግሞ ሰዎች ለፍቅራቸው ምልክት ብለው በፖን ዴዛር ድልድይ አጥር ላይ የሚቆልፏቸው ቁልፎች እየበዙ ሄደው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የአጥሩ አንድ ክፍል ከክብደቱ የተነሣ ወደቀ፤ በተከታዩም ዓመት የከተማው አስተዳደር ወደ 45 ቶን የሚመዝን ቁልፍ ነቅሎ አነሣ።

የተገላቢጦሹም ምሳሌ አለ። በዋሽንግተን የሚገኘው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ በ1982 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ጀምሮ፣ የሟቾች ስም በተቀረጸበት ጥቁር ግድግዳ ሥር ቤተሰብና የጦር ጓድ ደብዳቤ፣ ጫማ፣ ኒሻን፣ የልጅ ሥዕል ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ጎብኚ ከሄደ በኋላ የፓርኩ ሠራተኞች ዕቃዎቹን እየሰበሰቡ፣ አበባና የሚበሰብሰውን ለይተው ቀሪውን በመጋዘን ሲያኖሩ መቆየታቸው ስለታወቀ፣ ሰው እዚያ አንድ ነገር ትቶ ሲሄድ ነገ ምን እንደሚሆን ያውቃል ማለት ነው። እርስዎም በመረጡት ቦታ ላይ ሊያገኙት የሚገባው መልስ ይህንኑ የመሰለ ነው፦ ዕቃውን ማን ይረከበዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ሲያረጅስ ምን ይደረጋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ስም ጠርቶ የሚመልስ ሰው ካልተገኘ ቦታው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ይተዉት።

ከሟቹ ኑሮ ጋር የሚሄድ ቦታ

ቦታ ሲመረጥ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው ሟቹ የሞተበትን ቦታ ከኖረበት ቦታ ማስበለጥ ነው። አደጋ በደረሰበት አውራ ጎዳና ዳር ምልክት ማቆም ለቤተሰቡ ቁስሉን ደጋግሞ ከመንካት በቀር ብዙ ጥቅም የለውም፤ ለማስቀመጥና ለመጎብኘት ሲባል መኪና በሚከንፍበት ዳር መቆምም ሌላ አደጋ ይጋብዛል። ሁለተኛው ፈተና የታወቀና ያማረ ቦታ መፈለግ ነው። ሟቹ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከረገጠው ተራራ ይልቅ ሠላሳ ዓመት ያስተማረበት ክፍል፣ በየሳምንቱ የሚያስቀድስበት ደብር፣ ወይም ሰኞ ማታ የሚሰበሰብበት ዕድር ለእርሱ ይቀርባል።

ዕድርን ሰዎች ለምን እንደሚዘነጉት አይገባኝም። ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ ያስፈልገዋል፤ ንብረቱን የሚቆጣጠር ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አለው፤ መዝገብም አለው። በሟቹ ስም የተሰጠ ብረት ድስት ታችኛው ወገን ላይ በዘይት ቀለም ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ቢጻፍበት፣ በሰፈሩ ለቅሶ በተደረገ ቁጥር ወጥቶ ወጥ ይሠራበታል፣ ታጥቦ ሲደፋም ስሙ ወደ ላይ ሆኖ ይነበባል። ሴቶቹም «የጋሽ እገሌን ድስት አምጡት» ማለታቸው አይቀርም። ሟቿ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ወጥ ስትሠራ የኖረች እናት ከሆነች ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ለማሰብ ያስቸግራል። የሚሰጠው ዕቃ ግን ዕድሩ የጎደለው እንጂ የተትረፈረፈው እንዳይሆን ከመግዛትዎ በፊት ሰብሳቢውን ወይም ጸሐፊውን ይጠይቁ።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነገርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይዞ ይሄዳል፤ ደብሩ ግን ጃንጥላው ተትረፍርፎ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ምንጣፍ ወይም ልብሰ ተክህኖ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቄሰ ገበዙን ወይም የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት «ምን ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በከተማ ደብር ከተትረፈረፈ፣ ሟቹ የተጠመቀባት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ምናልባት አንድም ደህና መጋረጃ የላት ይሆናል። ጃንጥላ ከሆነ የሟቹ ስም ከውጭ በትልቁ ከሚጠለፍ ይልቅ ከከፋዩ በውስጥ በኩል፣ ዘርፉ በተሰፋበት ጠርዝ ላይ በትንሹ ቢጻፍ ያምራል፤ ጃንጥላው የተሰጠው ለታቦቱ ክብር ስለሆነ የሰው ስም ከሩቅ እንዲታይ ማድረግ ደግ አይመስለኝም። ሲያስረክቡ ደረሰኝ ይቀበሉ። ካህናቱ በጸሎት የሚጠሩት በስመ ክርስትናው ስለሆነ በመዝገቡ ላይ የመጠሪያ ስሙ ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስሙም እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ብዙ ልጆች የእናታቸውን ክርስትና ስም የማያውቁ መሆናቸው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና አስቀድሞ ከአክስት ወይም ከንስሐ አባት ማጣራት ይበጃል።

የሟቹ የራሱ ዳዊት ወይም ድርሳን ካለ ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት እጅግ የሚስማማ ነው። የቀደሙት ሰዎች የብራና መጽሐፍ ሲሰጡ በባዶው ቅጠል ላይ ያሠራውን ሰው፣ የወላጆቹንና አንዳንድ ጊዜም የጸሐፊውን ስም አስፍረው፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ግዝት ይጨምሩበት ነበር። የሰረቀው ብቻ ሳይሆን ስሙን የፋቀውም እንዲወገዝ መደረጉ፣ ዕቃውንና መታሰቢያውን እኩል ለመጠበቅ ማሰባቸውን ያሳያል። ዛሬም በታተመ ዳዊት የመጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ የሟቹን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የደብሩን ስም በማይለቅ ቀለም መጻፍ ይቻላል። ፎቶግራፍ ግን በቤተ መቅደስ ውስጥ የሚሰቀል አይደለም፤ ቦታው መቃብሩ ወይም ቤት ነው።

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ መቃብርን ማስጌጥ የማይወደድ በመሆኑ መታሰቢያው ወደ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ጥቅሙ ወደማይቋረጥ ምጽዋት ይሄዳል። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በስተቀር እንደሚቋረጥ፣ ሦስቱም የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ መሆናቸውን የሚናገረው ሐዲስ የሚታወቅ ነው። ለመስጊድ የሚሰጥ ቁርኣን፣ ምንጣፍ፣ የውዱእ ውኃ ታንከር ወይም በመንደሩ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ በዚህ ይካተታል። የውኃ ጉድጓድ ሲታሰብ ከመቆፈሪያው ወጪ በተጨማሪ ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነውን ሰውና የመለዋወጫውን ገንዘብ አብሮ ማሰብ ግድ ነው፤ የሟች ስም ተጽፎበት ውኃ የማይሰጥ ቧንቧ መቆም ለቤተሰቡም ያሳፍራል።

ለትምህርት ቤት መጻሕፍት መስጠት የተለመደ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ንብረት ክፍሉ ዕቃውን ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ እንዲያደርገው ይጠይቁ፤ ርእሰ መምህሩ ቢለወጥ እንኳ መጻሕፍቱ በመዝገብ ይገኛሉ። ከሽፋኑ ውስጥ የሚለጠፍ አነስተኛ ጽሑፍ ይበቃል።

ዛፍ መትከል

ዛፍ ከሁሉም መታሰቢያ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ከሁሉም ፈጥኖ የሚጠፋውም እርሱ ነው። የሚጠፋው ሲተከል ሳይሆን ከተተከለ በኋላ፣ ዝናቡ አቁሞ ጥቅምትና ኅዳር ሲገቡ፣ ፍየልና ከብት ሲፈቱ ነው። በደጋ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ፣ በወይና ደጋ ዋንዛ ይመረጣል፤ ዋርካ ሰፊ ቦታ ካልተገኘ አይሞከርም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ያጓጓል፤ ነገር ግን አጠና ሆኖ የሚሸጥ ዛፍ ስለሆነ አንድ ቀን መቆረጡ አይቀርም፣ በአጠገቡም ሌላ ተክል አያሳድግም። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ወደ ግማሽ ሜትር በሚጠጋ ስፋትና ጥልቀት አስቆፍሮ መተው፣ የላዩን ለም አፈር ከታችኛው ለይቶ ማኖር፣ ከዚያም ዝናቡ ከጠና በኋላ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መትከል ነው። ችግኙ የመጣበትን ፕላስቲክ አውልቆ መትከል የሚያስፈልግ መሆኑ ግልጽ ቢመስልም፣ በችኮላ ከነፕላስቲኩ የሚተከለው ችግኝ ብዙ ነው፤ ሥሩ ታፍኖ በሁለተኛው በጋ ይደርቃል። ለም አፈሩ ወደ ሥሩ ይመለሳል፣ ዙሪያው በእግር ይጠቀጠቃል፣ ወዲያውም በእሾህ ይታጠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው ይቀጠር ወይም ከጎረቤት ይለመን።

ቦታውን በተመለከተ የመንገድ ዳር አይመከርም፤ መንገድ ይሰፋል። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም የራስ ይዞታ ይሻላል፤ በቅጽር ውስጥ ያለ ዛፍ በቀላሉ የማይደፈር መሆኑን የሰሜንና የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ይመሰክራሉ። የስም ሰሌዳ በግንዱ ላይ በሚስማር አይመታም፤ ግንዱ ይቆስላል፣ ዛፉ ሲወፍርም ሰሌዳውን ይውጠዋል። ስሙ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ከግንዱ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል።

ምንም የማይቀመጥባቸው ቦታዎች

ሟቹ ተራራ መውጣት የሚወድ፣ ሐይቅ ዳር መቀመጥ የሚያዘወትር ከሆነ ወደዚያ ሄዶ እርሱን ማሰብ መልካም ነው፤ ዕቃ ጥሎ መምጣት ግን አይገባም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተተወ ምግብና ፕላስቲክ ጭላዳዎችን ይጎዳል፣ በበጋ በደረቀ ሣር ላይ የሚበራ ጧፍም እሳት ያስነሣል። በላሊበላ ወይም በሌላ ቅርስ ግድግዳ ላይ የሟችን ስም መጫር ወንጀልም ነውርም ነው። በሐይቅ ላይ አበባ መበተን ከተፈለገ ከላስቲክና ከሪባን የተፈታ ትኩስ አበባ ይሁን። በአሜሪካ በመታሰቢያ ቀን ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ በእኛም ወገኖች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የተነፈሰው ፊኛ ወደ ባሕር ወርዶ ኤሊና ወፍ ይገድላል።

መቃብሩ ሩቅ ለሆነ ወይም ላልተገኘ ሰው

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸውን ያጡ፣ አስከሬኑንም ያላገኙ ቤተሰቦች ሐዘናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ሳይኖራቸው ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ በሟቾች ፎቶግራፍ የተሞላ ሲሆን፣ ከጅምላ መቃብር ከወጣው አፅም ጋር ልብሳቸውና ዕቃቸውም ይታያል። እንዲህ ያለ ተቋም ባለበት አንድ ፎቶግራፍ ከነሙሉ ስሙ ማስረከብ በጓዳ ከማኖር ይበልጣል። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያንም ወደ አራት ሺህ ይገመታሉ፤ ለእነርሱ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በ2007 እ.ኤ.አ. መታሰቢያ ቆሟል፣ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። እዚያ የሚሄድ ሰው እንደ አይሁድ ልማድ ትንሽ ጠጠር ማኖሩ ይበቃዋል።

በባሕር ላይ ወይም በበረሃ መንገድ ለቀረ ልጅ እንዲህ ያለ የጋራ መታሰቢያ ካልተገኘ፣ ልጁ የወላጆቹን ምርቃት ተቀብሎ የወጣበትን የቤቱን ደጅ መምረጥ ይቻላል። በግቢው የሚተከል ዛፍ፣ ወይም በተማረበት ትምህርት ቤት በስሙ የሚቀመጥ መደርደሪያ፣ እናቲቱ በየቀኑ ሄዳ ልታየው የምትችለው ነገር ነው። መታሰቢያው ሲመረጥ የእርሷ እግር የሚደርስበት መሆኑ ከሌላው ሁሉ ይቅደም።

በሳዑዲ ዓረቢያ የተቀበረ ወገን ካለ መቃብሩ ላይ ፎቶግራፍ፣ አበባ ወይም ጽሑፍ ማኖር በአገሩ ልማድ የማይፈቀድ ስለሆነ መታሰቢያው በትውልድ መንደሩ ይደረግ። በአሜሪካ ደግሞ የየመካነ መቃብሩ ደንብ ይለያያል፤ አንዳንዱ ከመሬት እኩል የሆነ ድንጋይ ብቻ ይፈቅዳል፣ ሣር በሚታጨድበት ጊዜም በላዩ ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ ይጥላል፤ ስለዚህ ደንቡን ከጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ከአገር ቤት አፈር አምጥቶ በመቃብሩ ላይ መበተን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ አፈር ያለ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ በአውሮፕላን ማረፊያ ይወረሳል። በምትኩ ከእናት ቤት የመጣ ነጠላ ወይም ጋቢ ለሟቹ ልጅ ቢሰጥ ይሻላል።

ዕቃውንና ጽሑፉን ማዘጋጀት

አንድ ብቻ የሆነ ነገር ከቤት ውጭ አይቀመጥም። ፎቶግራፍ ከሆነ ዋናው ቤት ይቅር፣ ቅጂው ይውጣ፤ ደብዳቤና ኒሻንም ከመውጣታቸው በፊት በጥሩ ብርሃን ፎቶ ይነሡ። በላሚኔሽን የታሸገ ፎቶግራፍ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ስለሚደበዝዝና ውኃ ስለሚገባው ለመቃብር በሴራሚክ ላይ የታተመ ይሻላል። በእብነ በረድ ላይ በቀለም ብቻ የተጻፈ ፊደል ይለቃል፤ ፊደሉ ተቀርጾ ቀለሙ በውስጡ ቢሞላ ቀለሙ ሲጠፋም ይነበባል። የነሐስ ወይም የመዳብ ሰሌዳ በግልጽ ቦታ ከተለጠፈ የቆራሌ ሲሳይ ይሆናል።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የልደትና የዕረፍት ዓመት፣ ሰጪው ማን እንደሆነ፤ ለምሳሌ «የእናታችን የወለተ ማርያም መታሰቢያ፤ 1938–2015 ዓ.ም.፤ ከልጆቿ»። ውጭ አገር የሚቀመጥ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ በሰነዱና በድንጋዩ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የልጅ ልጆችን ግራ ያጋባል። ቀራጩ ከመጀመሩ በፊት ፊደሉን በወረቀት ላይ አሳትሞ ሁለት ሰው እንዲያነበው ማድረግ ይገባል፤ በሀ፣ በሐና በኀ ላይ የሚነሣው ክርክር ድንጋዩ ከተቀረጸ በኋላ መፍትሔ የለውም።

ቀኑን በሚመለከት እስከ አርባው ድረስ ምንም አይወሰን። በዚያ ወቅት ሁሉም ተጎድቷል፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው «ሳልጠየቅ» ብሎ ይቀየምበታል፤ የውርስ ክርክር ካለ ደግሞ ዕቃ ከቤት ማውጣት ራሱ ሌላ ክስ ይወልዳል። መንፈቁ ለመመካከር፣ ሙት ዓመቱ ለማስረከብ ይመቻል፤ ዘመድ ከየቦታው ስለሚሰበሰብ የሚሰጠውን ነገር ሁሉም አይቶ ይመርቃል። ዛፍ ብቻ ሙት ዓመቱን ሳይሆን ክረምቱን ይጠብቃል።

በመጨረሻም አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። ምን እንደተሰጠ፣ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንደተረከበ፣ የደረሰኙ ወይም የሞዴሉ ቁጥር፣ የጠባቂው ስልክ ይጻፍበት። በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ደውሎ ወይም ሄዶ ዕቃው በቦታው መሆኑን ያረጋግጥ፤ ጠባቂው ከተለወጠ የአዲሱ ስም በአሮጌው ሥር ይጻፍ፤ ዕቃው አርጅቶ ከአገልግሎት ከወጣም ከደብሩ፣ ከዕድሩ ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ በሌላ መተካት ወይም ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለእኅት ወንድሞች ሁሉ ይላክ፣ ዋናው ግን ከሁሉም ታናሽ በሆነው እጅ ይቀመጥ።